ኮንቴይነሩ ያልፋል፣ እኛ እንቆማለን

ዛሬ ስለ ወደብና መንገድ ልጻፍ። «ስደተኛን ስለ ወደብ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። በደንብ ያገባዋል!

ከዓለም ንግድ በመጠን ከ80 በመቶ በላይ የሚጓዘው በባሕር ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሩዝና ዘይትም ሞምባሳ ይወርድና ኬንያን አቋርጦ ካኩማ ይደርሳል። የመኪናው ኪራይ፣ ነዳጁ፣ በየኬላው የሚባክነው ቀን ሁሉ ኪሎው ላይ ይደመራል። የምትልኩልን ገንዘብ ቶሎ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 2012 ኪባኪ፣ መለስ ዜናዊና ሳልቫ ኪር ላሙ ላይ ተገናኝተው ላፕሴት የተባለውን ዕቅድ አስጀመሩ። ወደብ፣ መንገድ፣ ባቡርና የነዳጅ ቧንቧ ሦስቱን አገሮች እንዲያገናኙ ነበር ሐሳቡ። የወደቡ የመጀመሪያ መርከብ ማቆሚያ ሥራ የጀመረው በ2021 ነው። ባቡሩና ቧንቧው ግን እስካሁን ወረቀት ላይ ናቸው። መንገድ የሌለው ወደብ ደግሞ ቤት የሌለው በር ማለት ነው።

የኔ ቅሬታ ግን ከዚህም ያልፋል። ዕቅድ አውጪዎች መርከብና ቶን ይቆጥራሉ፤ በመንገዱ ዳር ያለውን ሰው ይዘነጋሉ። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይ ኤፍ ሲ በ2018 ባወጣው ጥናት ካኩማ ውስጥ ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች ቆጥሯል፤ የገበያውንም አቅም በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ይሄን የሚያህል ገበያ ታልፎ ይኬዳል?

ኮንቴይነር በጉምሩክ ማሸጊያ ታሽጎ ድንበር ይሻገራል። የካምፑ ነጋዴ ግን ናይሮቢ ሄዶ ዕቃ ለመምረጥ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይጠብቃል። እስኪያገኝ ከደላላ ይገዛል፤ የደላላው ትርፍም በመጨረሻ ከእናቶች መቀነት ይወጣል።

ኬንያ በ2021 የስደተኞች ሕግ አውጥታለች፤ በ2025ም ካምፖችን ወደ ከተማነት ለመቀየር የሺሪካን ዕቅድ ይፋ አድርጋለች። መልካም ነው። ነገር ግን ነጋዴው የማይወጣና የማይገባበት ከተማ፣ ስሙ ቢቀየርም ካምፕ ነው።

ስለዚህ ስብሰባ ስንጠራ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ለነጋዴዎች ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል የመንቀሳቀሻ ፈቃድ፣ መንገድና መጋዘን ሲታቀድም ለካምፑ ነጋዴዎች ወንበር። ባለሱቆች፣ የጭነት ደረሰኛችሁን አትጣሉ። በባዶ እጅ ከሚቀርብ እሮሮ ይልቅ በቁጥር የተደገፈ ጥያቄ ይሰማል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?