ባትሪው ሲያረጅ የት ይሄዳል?

መብራት በጠፋ ቁጥር ሶላር የሚያስገቡ ቤተሰቦች እየበዙ ነው። ጎረቤቶቼም «ሲስተር፣ የቱ ባትሪ ይሻለናል? የሊቲየሙ ወይስ የድሮው?» ይሉኛል። ነርስ እንጂ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ባትሪው ግን ከልጆቻችን ጋር አንድ ቤት የሚኖር ዕቃ ነውና የምለው አለኝ።

በመጀመሪያ ሒሳቡ። የድሮው ባትሪ እንደ መኪና ባትሪ በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ ነው። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር የሚባለው 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ቶሎ እንዳይሞት ግን ከግማሹ በላይ ባንጠቀም ይመከራል፤ ስለዚህ የምናገኘው 600 ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው ሊቲየም 80 በመቶው ቢወጣም አይጎዳምና ወደ 1,000 ይሰጣል። ዕድሜውም በጣም ይረዝማል። ሲገዛ የሚወደድ ቢመስልም በዓመታት ሲካፈል ልዩነቱ ይጠባል።

አሁን ወደ ጤናው። እርሳስ ስል የተማሪውን መጻፊያ ሳይሆን ብረቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰውነት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ሕፃናት የዋጡትን እርሳስ ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ወደ ሰውነታቸው ያስገባሉ። አንጎላቸውን ይጎዳል፣ ደማቸውን ያሳንሳል፣ ትምህርት መቀበል ያዳግታቸዋል። ብዙ ጊዜም ምልክቱ ቶሎ አይታይም።

በ2000 ዓ.ም. በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ፣ ቲያሮይ በሚባል ሰፈር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት ሞተዋል። ነዋሪዎቹ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ የተቀላቀለበትን አፈር እያበጠሩ ይሸጡ ነበር። ባትሪው ሳይሰበር በቦታው ሲቀመጥ እርሳሱ ውስጡ ነው። አደጋው የሚብሰው ካረጀ በኋላ ሲፈለጥና ሲቀልጥ ነው። ስለዚህ ለቆራሌው ከመስጠታችን በፊት ማን እንደሚፈታው እናስብ።

አቅም ካለና ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች፣ ምክሬ ሊቲየም ነው። ሻጩን «አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶች ይልቅ ሙቀትን የሚችለው እሱ ነው። ቻርጀሩም ለሊቲየም የሚስማማ ይሁን። ባትሪው ካበጠ ወይም ከመጠን በላይ ከጋለ መጠቀሙን አቁሙ።

አቅሙ ለድሮው ብቻ ከበቃም አትጨነቁ፤ ብዙ ቤት ያለው እሱ ነው። ውሃ የማይጨመርበትን ድፍኑን ምረጡ። ከመኝታ ክፍል ውጭ፣ አየር በሚገባበትና ልጅ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል ከሰል፣ ሻማና ዕጣን አይጠጉት። ሲያረጅ አትክፈቱት፣ አሲዱንም ግቢ አታፍስሱ። አዲስ ስትገዙ ሻጩ አሮጌውን ሙሉውን ይረከብ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ላይ ከተረጨ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። የነካውን ልብስ አውልቁ። ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ። ዓይን ከሆነ ካጠባችሁ በኋላ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ሰላም ሰንብቱ።