የግጦሽ ካርታ በስልክ፤ አረንጓዴው ሁሉ ሣር ነውን?

ለምለም ግጦሽ የት እንዳለ በተንቀሳቃሽ ስልክ ለአርብቶ አደሩ ማሳየት ከተጀመረ ሰንብቷል። ፒ.ሲ.አይ. የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በአፋር ሙከራውን ሲጀምር፣ በቅድሚያ የአገር ሽማግሌዎች የግጦሽ ክልላቸውን በካርታ ላይ እንዲያሰምሩ አደረገ፤ ከሳተላይት የተገኘውንም የልምላሜ መረጃ በዚያው ላይ አሳርፎ በወረቀት አደለ። ሥራው በኋላ አፍሪስካውት በሚባል የስልክ ፕሮግራም ቀጠለ። እኛም ዘዴውን እንደግፋለን። ይሁን እንጂ ካርታው የሚናገረውንና የማይናገረውን ሳይለዩ ለአርቢው ማቀበል ጉዳት ስላለው፣ አስተያየታችንን ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች ማቅረብ ወደድን።

ሳተላይት ሣር አያይም፤ የሚያየው ብርሃን ነው። ለምለም ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ቀዩን ምግቡን ለማዘጋጀት ይወስደዋል፤ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውንና ለዓይን የማይታየውን ግን አብዛኛውን ይመልሰዋል። መሣሪያው ይህን ልዩነት ለክቶ፣ ልዩነቱ ከፍ ያለበትን ሥፍራ በካርታው ላይ አረንጓዴ ያደርገዋል። ቅጠሉ የሣር ይሁን የእሾህ፣ ከብት ይብላው አይብላው፣ ከዚህ ስሌት አይገኝም።

በአፋር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለአፈር ጥበቃና ለነፋስ መከላከያ ተብሎ ወደ አዋሽ ሸለቆ ገባ፤ ዛሬ በክልሉ የወረረው መሬት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር እንደሚበልጥ ተገምቷል። ሥሩ ጥልቅ በመሆኑ በበጋም ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ስቦ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ቅጠሉን ከብት አይወደውም፤ ፍሬውን ቢበላም ዘሩን በእበቱ ይዞ ያዛምተዋል። እንግዲህ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ሜዳው ሁሉ ለምለም ስለሆነ ካርታ የሚጠይቅ አይኖርም። ካርታው የሚፈለገው ሣሩ በደረቀ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጎልቶ የሚታየው አረንጓዴ ምናልባት ይኸው ዛፍ ብቻ ይሆናል። በድርቅ የከሳች ላም ጥጃዋን አስከትላ ሁለት ቀን ተጉዛ የእሾህ ጥሻ ብታገኝ፣ ለመመለሻ የሚሆን ጉልበት የላትም።

አፋሮች ለዚህ የቆየ ሥርዓት አላቸው። ኤዶ የሚባሉት ቃኚዎች ከመንጋው ቀድመው ሄደው ሣሩን፣ ውሃውን፣ የከብት በሽታ መኖር አለመኖሩንና የአካባቢውን ሰላም አይተው ይመለሳሉ። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎችም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በዳጉ ይለዋወጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ ሳተላይቱ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም በግማሽ። ስለዚህ ስልኩ መጀመሪያ መድረስ ያለበት ለኤዶው ነው እንላለን። ቃኚው ከአምስት አቅጣጫ ሁለቱን መርጦ ቢሄድ ብዙ ድካም ይቀርለታል። ካርታውን ሁሉም በአንድ ቀን አይቶ መንጋውን ወደ አንድ ሥፍራ ቢነዳ ግን ሣሩ በሳምንት ያልቃል፤ ግጦሹ የማን ነው የሚለውም ጥያቄ ይነሣል። ጠብ የሚመጣው ከዚህ ነው።

(በኖርዌይና በኒው ዚላንድ ያለ አጥር ከብት የሚያግድ የአንገት ማሠሪያ መኖሩን ያነበቡ ባልደረቦች ለምን አንሞክረውም ይሉናል። ወሰኑ የታወቀ የግል መሬት ላለው ገበሬ ይበጃል፤ ዝናብን ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ መንጋ ወሰኑን የት እናሰምርለት?)

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቃኚዎቹ በተመለሱ ቁጥር ካርታው ያሳየውንና እነሱ ያዩትን አስተያይቶ፣ ፕሮሶፒስ የያዘውን ሥፍራ በሌላ ቀለም ያሰምር። ምስሉ የተነሣበትን ቀንም ሳይናገር ካርታ ለማንም አያሳይ፤ ደመና በሸፈነው ሰሞን አዲስ የሚመስለው ምስል የቆየ ሊሆን ይችላልና።