አፍ ካልተከፈተ የማይታየው የላንቃ መሰንጠቅ

በላስታ ደጋ አንድ ሕፃን ከንፈሩ ተሰንጥቆ ሲወለድ አራስ ጠያቂው ሁሉ ያየዋል፤ ቤተሰቡ ቢደነግጥም ችግሩን ያውቀዋል። ከንፈሩ ደህና ሆኖ ላንቃው ብቻ የተሰነጠቀ ሕፃን ግን መልኩም ለቅሶው እንደ ማንኛውም ሕፃን ነው። ጉዳቱ የሚገለጠው ጡት ሲሰጠው ነው። ይታገላል፤ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል፤ ደክሞት ሳይጠግብ ይተኛል፤ በሳምንታት ውስጥም ይከሳል። በብዙ ቤት “እንጥሉ ወርዶ ነው” ይባልና እንጥል ቆራጭ ይፈለጋል። የችግሩ ምንጭ ክፍተቱ ሆኖ ሳለ፣ በሕፃኑ ላይ ቁስልና የኢንፌክሽን አደጋ ይጨመርበታል።

በዓለም ላይ ከሚወለዱ 700 ያህል ሕፃናት አንዱ የከንፈር፣ የላንቃ ወይም የሁለቱም መሰንጠቅ እንደሚገጥመው ይገመታል። ከእነዚህ ሲሶ የሚጠጉት ላንቃቸው ብቻ የተሰነጠቀ ነው። በአፍሪካ ሆስፒታሎች መዝገብ ግን የእነዚህኞቹ ድርሻ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ልዩነቱ በከፊል ከዘር የመጣ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሳይታወቅላቸው የሚሞቱ ሕፃናት መኖራቸው ሌላው ጥርጣሬ ነው፤ ሆስፒታል ያልደረሰ ሕፃን በመዝገብ አይቆጠርምና።

ላንቃ ከሁለት ወገን በቅሎ የሚጋጠም አካል ነው። ከፅንሱ ስድስተኛ ሳምንት ገደማ ጀምሮ ሁለት ቅጠል መሰል አካላት በምላሱ ግራና ቀኝ ቁልቁል ያድጋሉ። ምላስ ዝቅ ሲል ወደ አግድም ይነሡና መሐል ላይ ተገናኝተው ይዋሐዳሉ፤ ይህም እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ይጠናቀቃል። ቢዘገዩ፣ ቢያንሱ ወይም ተገናኝተው ሳይዋሐዱ ቢቀሩ ክፍተቱ ከሕፃኑ ጋር ይወለዳል። ብዙው የሚከናወነው እናቲቱ መፀነሷን በቅጡ ሳታረጋግጥ ነው። እርግማን፣ ቡዳ ወይም የእናት ጥፋት እየተባለ የሚወራው ከዚህ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም።

ምክንያቱ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። የዘርና የአካባቢ ሁኔታዎች ተደምረው ያመጡታል። ለረጅም ጊዜ የዘር ምርምሩ በአብዛኛው በአውሮፓና በእስያ ሕዝቦች ላይ የተመሠረተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ግን ከኢትዮጵያ፣ ከጋናና ከናይጄሪያ ቤተሰቦች ናሙና ወስዶ፣ ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር የተያያዙ ከዚያ በፊት ያልታወቁ ሁለት ሥፍራዎችን በ2ኛውና በ19ኛው ክሮሞሶም ላይ ጠቁሟል። በአዚዝ ቡታሊ በተመራው በዚህ ሥራ የኢትዮጵያውን ድርሻ ከያዙት መካከል የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ዶክተር መኮንን እሸቴ ይገኙበታል። ግኝቱ ነገ መድኃኒት አያስገኝም። ነገር ግን የኢትዮጵያውያን ደም የሚናገረው ነገር ከሌላው ዓለም መረጃ ብቻ እንደማይገኝ አሳይቷል።

ከዘር ውጭ ካሉት ምክንያቶች ማጨስ፣ አልኮል፣ ከእርግዝና በፊት የነበረ የስኳር በሽታና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ይጠቀሳሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን በራሷ ውሳኔ ማቋረጥ የለባትም፤ ከመፀነሷ በፊት ሐኪም ልታማክር ይገባል። ፎሊክ አሲድን በተመለከተ ማስረጃው የተደባለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የኖርዌይ ጥናት በእርግዝና መጀመሪያ ፎሊክ አሲድ መውሰድ የከንፈር መሰንጠቅን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ቢያሳይም፣ ለላንቃ ብቻ መሰንጠቅ ጥቅሙን አላገኘም። ፎሊክ አሲድ የሕፃኑን የአከርካሪና የአንጎል ጉድለት እንደሚከላከል ግን በእርግጥ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሊታለፍ አይገባም። አስቸጋሪው ጊዜው ነው። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል የሚደርሰው በመጀመሪያው የክትትል ቀን ነው። ያ ቀን አራተኛው ወር ላይ ከዋለ ላንቃው ተገጥሞ ወይም ሳይገጥም ቀርቶ አልቋል። በፋብሪካ ዱቄት ላይ የሚጨመር ንጥረ ነገርም ገብሱንና ጤፉን በቀዬው ወፍጮ ቤት ለሚያስፈጭ የላስታ ገበሬ አይደርስም። ምስር፣ ባቄላና ጎመን ቢረዱም እንክብሉን አይተኩም።

እንግዲህ መከላከሉ ገና ያልተሟላ ከሆነ፣ ብዙ ሕይወት የሚያድነው ከወሊድ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቀን ነው። አዋላጇ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የአራሱን አፍ ከፍታ በባትሪ ብርሃን እስከ ጉሮሮው ማየት አለባት። በጣት መዳሰስ ብቻ ወደ ኋላ ያለውን ለስላሳ ላንቃ ሊያሳልፍ ይችላል። ክፍተት ከተገኘ እናቲቱ ወተቷን አልባ በንጹሕ ትንሽ ሲኒ ወይም ማንኪያ፣ ሕፃኑን ቀና አድርጋ፣ ቶሎ ቶሎ እያረፈች ትመግበዋለች፤ የዋጠውን አየር እንዲያገሣም ትረዳዋለች። ለአራስ ቅቤ ማስላስ ለማንም ሕፃን አይመከርም፤ ለዚህኛው ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል የከፋ ነው። ክብደቱ በየጊዜው መመዘን አለበት፤ የከሳ ሕፃን ማደንዘዣ አይችልምና ቀዶ ሕክምናው ይራዘምበታል።

ቀዶ ሕክምናው በአገር ውስጥ አለ። ስማይል ትሬይን የተባለው ድርጅት የሚደግፈው ሕክምና ለታካሚው ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ያለው የየካቲት 12 ሆስፒታልም በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ፕሮጀክት ሐረር ከሩቅ ገጠር ሕመምተኞችን ፈልጎ ወደ ሕክምና ያደርሳል። ነፃ የሚባለው ግን የሆስፒታሉ ነው። ከላሊበላ በጋሸና ወልድያ ከ150፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መኪና፣ ማደሪያ፣ ቀለብና በአጨዳ ወቅት የሚታጣው ጉልበት ከቤተሰቡ ኪስ ይወጣል። ከ2013 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአካባቢው የደረሰው ጦርነት የጤና ተቋማቱን ከማዘረፉም በላይ መንገዱን ለብዙ ጊዜ አስፈሪ አድርጎት ኖሯል።

መዘግየቱ ዋጋ አለው። ከንፈር አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር፣ ላንቃ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ቢጠገን ይመረጣል፤ ይኸውም ልጁ ቃል ማውጣት ሳይለምድ በፊት ነው። ላንቃው ክፍት ሆኖ አፉን የፈታ ልጅ “መ” እና “ነ”ን ያወጣቸዋል፤ ድሮም በአፍንጫ የሚወጡ ድምፆች ናቸውና። “በ”፣ “ደ”፣ “ሰ” እና “ጠ” ግን አየሩ በአፍንጫ ስለሚያመልጥ ይጠፉበታል፤ በጉሮሮው ሊተካቸው ይለምዳል። በሰባት ዓመቱ ቢሰፋለት ክፍተቱ ይዘጋል እንጂ ልማዱ በራሱ አይለቅም፤ የንግግር ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ባለሙያዎቹም በአገሪቱ እጅግ ጥቂት ናቸው። ከላንቃ ጋር የሚሠሩት ጡንቻዎች የጆሮን የውስጥ ቱቦ ስለሚከፍቱ፣ በጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ መስማቱ ሊቀንስም ይችላል። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የማይመልሰው ፈዛዛ ሆኖ ይሁን ወይስ ስላልሰማ፣ መምህሩ ከመፍረዱ በፊት ጆሮው በጤና ጣቢያ ሊታይለት ይገባል።