የቅርስ ጥበቃ መለኪያው የቡናው ዋጋ ነው

ስለ አሮጌ ቤቶች ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ «የጭቃ ቤት ነው፣ ይፍረስ» ይላል። ሌላው «ይታጠር፣ ይታደስ፣ ሙዚየም ይሁን» ይላል። ሁለቱም የማይጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ ቤቱ ከዳነ በኋላ ማን ይገባበታል?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያየሁት እንግሊዞች ራሳቸው በሚያሾፉበት ቦታ ነው፤ በርካሽነቱ ስሙ በወጣ፣ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መጠጥ ቤት ውስጥ።

ዌዘርስፑን ይባላል። ቲም ማርቲን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 ሰሜን ለንደን፣ መስዌል ሂል ውስጥ በአንድ ቤት ጀመረው። ዛሬ በብሪታንያና በአየርላንድ 800 ገደማ ቅርንጫፎች አሉት። በእኛ አገር «ግሮሰሪ» ብንለው ብዙ አንሳሳትም፤ ድራፍቱ አለ፣ ቁርስና ምሳው አለ፣ ቡናው አለ፣ ሁሉም ከጎረቤቱ ይረክሳል። ልዩነቱ ግሮሰሪው የተከፈተበት ቤት ነው። የተዘጋ ሲኒማ፣ የተዘጋ ባንክ፣ የተዘጋ ፖስታ ቤት። ተንብሪጅ ዌልስ በምትባል ከተማ በ1902 የተሠራው ኦፔራ ቤት ዛሬ የዚህ ኩባንያ መጠጥ ቤት ነው። ራምስጌት የባሕር ዳርቻ ላይ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረው ሮያል ቪክቶሪያ ፓቪሊዮን በ2017 የተከፈተው በዚሁ ኩባንያ ነው።

የተዘጉ ሆቴሎችም አሉበት። እኔ የገባሁት ኤክሰተር ከተማ ካለው «ኢምፔሪያል» ነው። ቤቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአንድ ባለጸጋ መኖሪያ ተብሎ የተሠራ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሆቴል ሆነ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ መጠጥ ቤት። ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ሰፊ ግቢ ይዞ ቆሟል፤ ከጎኑ ጣሪያው እንደ ቀስት የጎበጠ፣ ከብረትና ከመስታወት የተሠራ ትልቅ አዳራሽ አለው። በአዘቦት ቀን ረፋድ ላይ ስገባ የሥራ ልብስ የለበሱ ሁለት ግንበኞች እንቁላላቸውን ይበላሉ። አንዲት እናት የሕፃን ጋሪ እየወዘወዘች ሻይ ትጠጣለች። ተማሪዎች ላፕቶፕ ዘርግተዋል። አንድ ሽማግሌ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጋዜጣ ያነብባሉ።

ሁለት ፓውንድ ገደማ ከፈልኩ፤ ቡናውን ከማሽኑ እየቀዳሁ ደጋግሜ ጠጣሁ። ሙዚቃ የለም፤ የኩባንያው ደንብ ነው። ግድግዳው ላይ የከተማዋን ታሪክ የሚናገሩ ሥዕሎችና ጽሑፎች ተሰቅለዋል። «ለምን ፈልገህ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ጥበቃ አልነበረም፤ «ሌላ ምን ላምጣ?» እያለ የሚያስነሣ አስተናጋጅም አልመጣም። አንድ ባለጸጋ ለራሱና ለእንግዶቹ ያሠራው ቤት ውስጥ፣ ጡረታውን ቆጥሮ የሚኖር ሽማግሌ የፈለገውን ያህል ይቀመጣል። የማሞቂያ ክፍያ በናረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለብዙ ብቸኛ ሰው ይህ ወንበር ሙቀትም ነው፣ ጎረቤትም ነው።

ይህ ሁሉ ጽድቅ አይደለም፤ ንግድ ነው። ንግዱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ግን ይጠቅመናል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ እንግሊዛዊው በርካሽ አውሮፕላን ወደ ስፔን መሄድ ሲለምድ የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች ባዶአቸውን ቀሩ። ቴሌቪዥን ሲኒማውን፣ ኮምፒውተር የባንክ ቅርንጫፉን ዘጋው። ግዙፍ ቤቶች ያለ ሥራ ቆሙ። እንዳይፈርሱ ደግሞ ሕግ ያዛቸው፤ በእንግሊዝ በመዝገብ የተያዘ ሕንጻ ባለቤት ያለ ፈቃድ ማፍረስ ቀርቶ መልኩን የሚለውጥ ነገር ማድረግ አይችልም። ይህ ኩባንያ ትርፉን የሚያገኘው ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ጥቂት ወስዶ ብዙ ብርጭቆ በመሸጥ ነው፤ ስለዚህ ሰፊ ቤት ይፈልጋል። ሰፊ ቤት ፈላጊና ሥራ ያጣ ሰፊ ቤት ተገናኙ። ሕጉ ግድግዳውን አዳነ፣ ርካሹ ዋጋ ሰውን አስገባ።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ።

«ቤቱን አዋረዱት» የሚሉ አሉ። ምንጣፉ ዐይን ይወጋል፣ ምግቡ ከፍሪዘር የወጣ ነው፣ በኦፔራ አዳራሽ ድንች ጥብስ ይበላል ይላሉ። ይህን የሚሉት ባብዛኛው ሌላ የሚቀመጡበት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቤት የሚዋረደው ጣሪያው ሲያፈስና እርግብ ሲሰፍርበት ነው። ድንች ጥብስ ማንንም ቤት አላፈረሰም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። በብሪታንያ በ2000 ከ60 ሺህ በላይ መጠጥ ቤቶች ነበሩ፤ ዛሬ 45 ሺህ ገደማ ቀርተዋል። ከተዘጉት ውስጥ ባልና ሚስት ሆነው የሚያስተዳድሯቸው ትንንሽ ቤቶች ይበዛሉ። ቀረጡ፣ ኪራዩ፣ የመብራት ሂሳቡና የሱፐርማርኬት ርካሽ ቢራ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። በጅምላ ገዝቶ በርካሽ የሚሸጥ ግዙፍ ጎረቤት ግን አላገዛቸውም። በመጋቢት 2020 ኮሮና በሮችን ሲያዘጋ ኩባንያው ከ40 ሺህ ለሚበልጡ ሠራተኞቹ የመንግሥት ድጎማ እስኪመጣ ደመወዝ እንደማይከፍል ነገራቸው፤ መሥራቹም ሱፐርማርኬት ሄዶ መሥራት የሚፈልግ ካለ እንደሚረዳው ተናገረ። ያኔ የወረደበት ቁጣ ይገባው ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ «ሰር» ተብሎ መሸለሙም ያንን አይፍቀውም። በጠዋት ቢራ የሚቀዳበት ቤት ሰካራም እንደሚያፈራም አውቃለሁ።

ስለዚህ ኩባንያውን አምጡልን አልልም። የምለው ኩባንያው ሳያስበው ያረጋገጠውን አንድ ነገር እንውሰድ ነው፦ አሮጌ ቤትን የሚያቆየው ተራ ሰው የሚችለው ዋጋ ነው።

ይህን ለማየት የራሳችንን ታሪክ እንከተል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ተሰደው እንግሊዝ ሲገቡ ካረፉባቸው ሆቴሎች አንዱ ወርዚንግ የባሕር ዳርቻ የነበረው ዋርንስ ሆቴል ነው። ዛሬ የለም፤ በ1987 ተቃጠለ፣ ፈረሰ፣ በቦታው አፓርታማ ተሠራ። ባዝ ከተማ ሲደርሱ ያረፉበት ስፓ ሆቴል ቆሟል፤ ግን ቅንጡ ሆቴል ነው፣ ቦርሳውን አይቶ የሚገባው ይገባል። ሦስተኛው ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ከተማ የገዙት ፌርፊልድ ሃውስ ነው። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ለባዝ ከተማ ሰጡ። ለዓመታት አረጋውያን ኖሩበት፤ ዛሬም ከልዩ ልዩ ማኅበረሰብ የመጡ አዛውንት ተሰብስበው ይጫወቱበታል። ከሦስቱ የትኛው ነው «ተጠብቋል» የሚባለው? እኔ ሻይ የሚፈላበትን እመርጣለሁ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ወሬው ይመራል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ብዙ ሰው ያለቀሰው ለበረንዳውና ለመዝጊያው ነው። በረንዳውስ ይሁን። እኔን የቆጨኝ ወንበሩ ነው። ፒያሳ አንድ ማኪያቶ ይዞ ሰዓታት መቀመጥ የሚቻልባት ሰፈር ነበረች። ሎተሪ አዟሪው፣ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ሥራ ፈላጊው ምሩቅ እና ነጋዴው አንድ ጣሪያ ሥር የሚቀመጡባት ነበረች። ያ ወንበር ወደ የትኛው ኮንዶሚኒየም ተዛወረ?

እቴጌ ጣይቱ ሆቴልን አስቡ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ሲበላው ጃዝአምባ የነበረበት ክፍል ወደመ፤ የተቀረው ተረፈ። ለዓመታት ይህን ቤት በሰው ልብ ያቆየው የእድሜው ብዛት ብቻ አይደለም። የቢሮ ሠራተኛው ለጾም ቡፌው ምሳ ይገባ ነበር፣ ኪሱ የሳሳ ቱሪስት ያድርበት ነበር፣ ወጣቱ ሙዚቃ ሊሰማ ይመጣ ነበር። በራሳቸው እግር ገብተው ስለሚያውቁት ነው ሲቃጠል ብዙዎች የገዛ ቤታቸው የተቃጠለ ያህል የደነገጡት።

የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን። ትኩረቱ ግን ቅርሱ እንዳይነካ ነው፤ ሰው እንዲገባበት አይደለም። በዚህ መሐል የለመድነው አንድ ዓይነት እድሳት ነው፦ ግድግዳው ይቀባል፣ መብራት ይዘረጋል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ በሩ ላይ ጥበቃ ይቆማል። ከዚያ ቡናው የቀን ሠራተኛው የግማሽ ቀን ደመወዝ ይሆናል። ሰውዬው ያደገበት ሰፈር መሐል፣ አባቱ ሻይ የጠጣበት ቤት ውጭ ቆሞ ፎቶ ያነሣል። ይህ ከማፍረስ ይሻላል? በጥቂቱ ይሻላል፤ ቢያንስ ግድግዳው ቆሟል። ለቆመው ሰው ግን ልዩነቱ አይታየውም።

ጥያቄዬ ከባድ አይደለም። ከተማው አሮጌ ቤት ለባለሀብት ሲያከራይ ወይም ሲያስተላልፍ ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ። ምድር ቤቱ ለማንም ክፍት ይሁን። ቢያንስ ሻይና ቡናው የዋጋ ጣሪያ ይኑረው። የሰፈሩን ታሪክ የሚናገር ጽሑፍና ፎቶ ግድግዳው ላይ ይሰቀል። ባለሀብቱ ይከስራል የሚል ካለ፣ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል በፈለገው ዋጋ ያከራይ። ከርካሽ ብርጭቆ ትርፍ እንደሚገኝ ደግሞ እንግሊዛዊው ነጋዴ አሳይቶናል።

«ድሃ ከገባ ቤቱ ይበላሻል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እነዚህን ቤቶች እስካሁን ጠርጎ፣ ወልውሎ፣ ጣሪያቸውን በቆርቆሮ ደፍኖ ያቆየው ማን ሆነና?

እንግዲህ «ታሪካዊው ቤት ታድሶ ተመረቀ» የሚል ዜና ስትሰሙ ቶሎ አታጨብጭቡ። የመብራቱን ብዛት፣ የእብነ በረዱን ዓይነት፣ የወጣውን ሚሊዮን ሌላው ይቁጠርላችሁ። እናንተ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ቡናው ስንት ነው?