በካሜራ የሚበላ እንጀራ

ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሽሮ ሜዳ ይደረሳል። እዚያ የደረሰ ሰው ግራና ቀኙን ቢያይ የሚያየው ነጭ ነው። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ኩታውና ጋቢው በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከሱቆቹ ጀርባ በየግቢው ውስጥ፣ ወላጆቻቸው ከጋሞ አገር መጥተው በጉለሌ የሰፈሩ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን ያመላልሳሉ። አንድ ባለ ጥለት ቀሚስ ለገበያ እስኪቀርብ ድረስ የፈታይዋን፣ የሸማኔውንና የሰፊዋን እጅ ያልፋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ የሥራ ሰንሰለት ላይ አንድ ሌላ ሠራተኛ ተጨምሯል። ይኸውም ፎቶግራፍ አንሺው ነው። ነጋዴው ዕቃውን በቴሌግራምና በኢንስታግራም ያሳያል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የምትኖረው ደንበኛ ጥለቱን በእጇ ዳስሳ ልታየው አትችልም፤ በፎቶግራፍ አይታ ታዛለች። ስለዚህ ፎቶግራፉ መልካም ከሆነ ቀሚሱ ይሸጣል፤ ካልሆነ ግን የሸማኔውም ድካም ሱቅ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ለዛሬው ጽሑፌ ምክንያት የሆነችኝ በዚሁ በጉለሌ የምትኖር አንዲት የልጅ እናት ናት። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለጠየቀችኝ አልጠቅስም። ለአራት ዓመታት በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ጉርድ ፎቶ ስታነሳና ስታትም ቆይታለች። ዕቁብ ሲደርሳት ያገለገለ ካሜራ ገዛችና ለማንም ሳትቀጠር በግሏ መሥራት ጀመረች። ዛሬ ፍሪላንስ የሚሉት የሥራ ዓይነት ማለት ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዋ የአርባ ቀሚሶች ፎቶግራፍ ነበር። ስለ ዋጋው ስትጠይቅ ነጋዴው፣ «ልጄ፣ በዋጋ አንጣላም» አላት። እሷም አፍራ ዝም አለች።

ሁለት ቀን ሙሉ አነሳች። ሦስት ሌሊት ልጇን አስተኝታ እየመረጠችና እያስተካከለች አደረች። ሥራውን ስታስረክብ ነጋዴው ከጠበቀችው እጅግ ያነሰ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጣትና፣ «ፎቶ ማንሳት እኮ ጣት መጫን ነው» አላት። ከወር በኋላ ካነሳቻቸው ፎቶግራፎች አንዱን በትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ አየችው። ስሟም የለበት፣ ተጨማሪ ክፍያም የለ። በዚያ ምሽት እናቷ፣ «ተይው ልጄ፤ ወር ጠብቀሽ ደመወዝሽን የምትቀበይበት ሥራ ፈልጊ» አሏት። እሷም ካሜራውን ልትሸጥ ገዢ ማጠያየቅ ጀመረች።

ውድ አንባቢያን፣ ይህች እናት ካሜራዋን መሸጥ ይገባት ነበርን? ጉዳዩን ሳጣራ የተረዳሁት ነገር ቢኖር የጎደላት የማንሳት ችሎታ አለመሆኑን ነው። የጎደላት ሙያዋን እንደ ሙያ አስከብሮ የመሸጥ ዕውቀት ነበር።

ይህ ዕውቀት በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረውን አርመናዊውን ቤድሮስ ቦያጂያንን ብንወስድ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ከእርሱ ተረክበዋል። ልጅ በአባቱ ሱቅ ሲያድግ ፊልም ማጠብን ብቻ አይማርም፤ ደንበኛ ማነጋገርን፣ ቀብድ መቀበልንና ሒሳብ መያዝንም ይማራል። ዛሬ ካሜራ ይዛ የምትወጣው ሴት ግን ብዙውን ጊዜ ሱቅ የሚያወርሳት አባት የላትም። ስለዚህ ሁለቱንም፣ ማንሳቱንም ንግዱንም፣ ራሷ መማር አለባት።

ይህ የማይቻል እንዳልሆነ ያሳዩ የአገራችን ሴቶች አሉ። አይዳ ሙሉነህ በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከአገር ወጣች። በካናዳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች በጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶግራፍ ማጠብ ተማረች። በ2000 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ከሚገኘው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች፤ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም በፎቶግራፍ አንሺነት ሠራች። በ2007 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ትርኢት መሠረተች። በ2018 እ.ኤ.አ. ዋተርኤይድ የተባለው ድርጅት ስለ ውኃ ችግር የሚናገሩ ፎቶግራፎች ቢያዛት፣ በአፋር ዳሎል ድረስ ሄዳ በራሷ አቀራረብ አዘጋጅታ አቅርባለች። ትዕዛዙ የድርጅቱ ነው፤ አሠራሩ ግን የእሷው ነበር። ሌላዋ ባለሙያ ማኅደር ኃይለሥላሴም ወጣቶች የሚማሩበትና የሚመካከሩበት የፎቶግራፍ ማዕከል በአዲስ አበባ አቋቁማለች።

ሁላችንም እንደ እነርሱ እንሁን ማለቴ አይደለም። የጉለሌዋ እናት የምትፈልገው የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ነው። ነገር ግን የሁሉም መነሻ አንድ ነው፤ ሙያውን ጠንቅቆ ማወቅ።

«ጣት መጫን ነው» ለሚሉት አንድ ምሳሌ ልስጥ። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ጠይም ሴት ማንሳት ከሥራዎች ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊቱ ያለውን ሁሉ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጩ ቀሚስ ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሰዋል፤ ያን ጊዜ ቀሚሱ አመድ ይመስላል፣ ፊቷም ይጠቁራል። ብርሃኑን ያለ ልክ ሲጨምሩት ደግሞ ጥለቱ ይጠፋል። በቀትር ፀሐይ ከሆነማ ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ ዓይኖቿ በጥላ ይሸፈናሉ። ስለዚህ ባለሙያዋ ጧት ወይም ወደ ማታ፣ ካልሆነም በረንዳ ጥላ ውስጥ ታነሳለች፤ ብርሃኑን ከፊቷ ላይ ትለካለች፤ በአንድ ወገን ነጭ አንሶላ አስይዛ ብርሃን ወደ ፊቷ ትመልሳለች። የአምፖል ብርሃንና የቀን ብርሃን ሲቀላቀሉ ነጩ ቢጫ እንዳይሆንም ትጠነቀቃለች። ምክንያቱም በፎቶግራፉ ላይ ወርቃማ መስሎ የታየው ጥለት ደንበኛዋ እጅ ሲገባ ሌላ ቀለም ከሆነ ቀሚሱ ተመላሽ ይሆናል፤ ኪሣራውም የነጋዴው ነው። እንግዲህ ነጋዴው የሚከፍለው ለጣቷ ሳይሆን ለዚህ ዕውቀት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋ ነገር ነው። ብዙዎች ዋጋ የሚቆርጡት ጎረቤት የጠየቀውን ሰምተው ነው። ይህ ስህተት ነው። እንበልና ካሜራው፣ ሌንሱና መብራቱ በጠቅላላው 120,000 ብር ወጣባቸው። አራት ዓመት ቢያገለግሉ በዓመት 30,000 ብር ማለት ነው። በዓመት ስድሳ ሥራ የምትሠራ ከሆነ ለመሣሪያው ብቻ ከእያንዳንዱ ሥራ 500 ብር መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ካሜራው ሲያረጅ ሌላ የምትገዛበት አይኖራትም። በዚህ ላይ የትራንስፖርት፣ የረዳት፣ የኢንተርኔትና የግብር ወጪ ይጨመራል። ከሁሉም በላይ ጊዜዋ አለ። የአንድ ቀን ማንሳት የሁለት ቀን መምረጥና ማስተካከል ያስከትላል። ስለዚህ የምትጠይቀው የሦስት ቀን ዋጋ እንጂ የአንድ ቀን መሆን የለበትም። ካሜራ መግዛት ያልቻለችም ዕዳ ውስጥ ሳትገባ በቀን ከሚያከራዩ ሰዎች ተከራይታ መጀመር ትችላለች፤ ኪራዩ ግን በዋጋው ውስጥ ይግባ።

ሦስተኛው ጉዳይ ውል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለፎቶግራፍ ሥራ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመታት የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ ይሰጣል። ሆኖም ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በትዕዛዝ ወይም በቅጥር የተሠራ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለመብቱ አዛዡ ወይም ቀጣሪው ነው። ስለዚህ ያቺ እናት በሰሌዳው ላይ ያየችውን ፎቶግራፍ «የእኔ ነው» ብላ ለመከራከር አስቀድማ የተፈረመ ወረቀት ያስፈልጋት ነበር። ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። ስንት ፎቶግራፍ፣ በስንት ብር፣ መቼ እንደሚረከብ፣ የት የት እንደሚውል፣ ለሰሌዳ ከሆነ ምን ያህል እንደሚጨመር፣ ስሟ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ፤ ይኸው ነው። ግማሹን በቀብድ መቀበል፣ ቀሪውን ሲረከቡ እጅ በእጅ መቀበል ደግሞ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያላት ባለሙያ ደግሞ ደረሰኝ ስለምትሰጥ ድርጅቶችም ሊያሠሯት ይችላሉ።

መብት ያለው ለአንሺዋ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ባለሥልጣንንና ታዋቂ ሰውን ወይም በአደባባይ የተደረገን ሁኔታ የሚመለከቱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም፣ ለልደቷ የተነሳችን የጎረቤት ልጅ መስኮት ላይ ለመለጠፍ ወይም በገጽ ላይ ለማውጣት ግን ፈቃድ ግድ ነው። ልጅ ከሆነች ወላጆቿን አስፈርሙ። ሰው ፊቱን አምኖ የሰጠው ባለሙያ እምነቱን ከጠበቀለት ቤተሰቡን በሙሉ ይዞ ይመለሳል።

አራተኛው የዓመቱን አቆጣጠር ማወቅ ነው። በከተማችን ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም። ሰኔና ሐምሌ የምረቃ ወራት ናቸው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ዩኒቨርሲቲ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ፎቶግራፍ ይነሳል። ነሐሴ ዝናብና ፍልሰታ ነው፤ የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ግን ለእንቁጣጣሽ የሚዘጋጀው በዚያው ወር ነው። ስለዚህ በሠርግ ብቻ የምትተማመን ባለሙያ በዐቢይ ጾም ትቸገራለች። የሠርጉን፣ የቤተሰቡንና የገበያውን ሥራ አጣምራ የያዘችና በጥር ካገኘችው ለመጋቢት የምታስቀምጥ ግን ያለ ደመወዝ ዓመቱን ትወጣዋለች።

የመጨረሻው ጉዳይ የቤተሰብ ነው፤ ይህ ደግሞ እኛን ሁላችንን ይመለከታል። ሠርግ አንስታ ከምሽቱ አራት ሰዓት የምትመለስ ሴት ሥራ ላይ ነው ያመሸችው። የመመለሻ መኪና በውሏ ላይ ይግባላት፤ ባሏም ልጁን አብልቶ ያስተኛ። ዘመድ ደግሞ፣ «ያንቺው ድግስ አይደል?» እያለ በነፃ ያሠራታል። ለዘመድ ስጦታ መስጠት መልካም ነው፤ ነገር ግን ስጦታው ስጦታ መሆኑ ይታወቅ። ለድንኳኑ፣ ለወንበሩና ለሥጋው ከፍለን ለእኅታችን ልጅ ካሜራ ሲሆን እጃችን የሚያጥረው ለምንድን ነው?

ያቺ እናት ካሜራዋን አልሸጠችም። ገዢ ያመጣው ዋጋ ከገዛችበት እጅግ ስላነሰባት ጥቂት ልታይ ወሰነች። በነሐሴ ያው ነጋዴ ተመልሶ ሲመጣ አንድ ገጽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አነበበና፣ «ምነው ልጄ፣ ፍርድ ቤት ነው እንዴ?» አላት። እሷም፣ «ጋሼ፣ ፍርድ ቤት እንዳንሄድ ነው» አለችው። ሳይፈርም ወጣ። ያንን ሥራ አጣች፤ በዚያ ሳምንትም አልቅሳለች። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲያ በዚያው ገበያ ሁለት ሱቆች ፈርመው ቀብድ ከፍለዋታል። ሁለቱም የሴቶች ሱቆች ናቸው።

እናቷን ሳነጋግራቸው፣ «አሁንም ደመወዝ ያለው ሥራ ቢሆን እወድ ነበር» አሉኝ፤ አልተደበቁም። ቀጥለውም በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራሳቸውን ፎቶግራፍ አሳዩኝ። ነጠላቸው ነጭ ሆኖ፣ ፊታቸውም እንደ ጠይምነቱ ወጥቶ፣ የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። «እሷ ናት ያነሳችኝ» አሉ። ስንት እንደከፈሏት ጠየቅኋቸው። ሳቁና፣ «ምሳዋን» አሉኝ።

እናንተስ እናቶች፣ በመጪው ጥር ልጃችሁን ስትድሩ ለፎቶግራፍ አንሺዋ ምን አስባችኋል? በቤታችሁ ተወያዩበት። ሳምንት ያገናኘን።