ላለማረስ የሚከፈል ገንዘብ

በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ባካ የሚባል ካውንቲ አለ። ዝናቡ ጥቂት፣ ነፋሱ ብዙ ነው። ለስንዴ ሲባል ሣሩ ተገልብጦ የታረሰው ምድር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ድርቅ ሲመታው፣ አፈሩ ተነሥቶ ቀኑን አጨለመው፤ ብዙ ቤተሰብም ቀዬውን ጥሎ ሄደ። መንግሥት ከተጎዳው መሬት ከፊሉን ገዝቶ ሣር መለሰበት። ያ መሬት ዛሬ የኮማንቺ ብሔራዊ የሣር ምድር አካል ነው።

በግል እጅ ለቀረው መሬት ሰፊ መላ የመጣው በ1985ቱ የእርሻ ሕግ በተቋቋመ ፕሮግራም ነው። አፈሩ ቶሎ የሚሸረሸር መሬት ያለው ሰው ማረሱን ትቶ ሣር ወይም ዛፍ ካለማበት፣ መንግሥት ከ10 እስከ 15 ዓመት ኪራይ ይከፍለዋል። አመልካቾች ይወዳደራሉ፦ መሬቱ ለአፈር፣ ለውኃና ለዱር እንስሳት በሚሰጠው ጥቅም ነጥብ ያገኛል፤ ዝቅ ያለ ኪራይ የጠየቀም ይሻላል። ውሉን ያፈረሰ የተቀበለውን ከነወለዱ ይመልሳል፣ ቅጣትም ይጨመርበታል።

ይህን ገንዘብ የስንፍና ደመወዝ የሚሉት ዛሬም አልጠፉም። በደረቅ መሬት ላይ ሣር ሲለማ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ጥቃቅኑ ዘር ጥልቅ ከገባ አይወጣም፤ ከላይ ከቀረ ነፋስ ይወስደዋል። በመጀመሪያው ዓመት ማሳውን የሚሞላው አረም ነው። ሣሩ ሥር ሰዶ አፈሩን እስኪይዝ ሁለትና ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ዝናብ ከቀረ ደግሞ እንደገና መዝራት ይመጣል።

እውነተኛው ቅሬታ ከትንንሾቹ ከተሞች የሚሰማው ነው። ማሳ ሲያርፍ ዘር፣ ማዳበሪያና ነዳጅ የሚሸጠው፣ እህል የሚያከማቸውም ገበያው ይቀንሳል። ኪራዩ ግን ለመሬቱ ባለቤት ስለሚላክ፣ ባለቤቱ ሩቅ ከተማ የሚኖር ከሆነ ገንዘቡ በካውንቲው ውስጥ አይዞርም። በዚህ ስጋት ሕጉ በመርህ ደረጃ በፕሮግራሙ የሚገባውን መሬት ከካውንቲው የእርሻ መሬት 25 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። ገደቡ ተገቢ ነው፤ ትምህርት ቤቱና ሱቁ የተዘጋበት ካውንቲ ሣሩን የሚጠብቅ ሰው አይኖረውም።

ትልቁ ጉድለት ያለው ውሉ የሚያልቅበት ቀን ላይ ነው። በ2007 በመላ አገሪቱ 36.8 ሚሊዮን ኤከር በፕሮግራሙ ውስጥ ነበር። ከዚያ የእህል ዋጋ ተወደደ፣ የአገሪቱ ምክር ቤትም በፕሮግራሙ ሊገባ የሚችለውን ጠቅላላ መሬት ጣሪያ ዝቅ አደረገው፤ በ2021 የቀረው 21 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በሕዝብ ገንዘብ አሥር ዓመት የለማ ሣር በአንድ ወቅት በፀረ አረም መድኃኒት ደርቆ እህል ሊዘራበት ይችላል። ይህ በግልጽ ብክነት ነው።

ባለቤቱ ግን የሚያርሰው አፈሩን ስለናቀ አይደለም። ሣሩን ከብት ሊግጠው ይችል ነበር፤ ለብዙ ዓመታት እህል ብቻ በተዘራበት ማሳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አጥርም የከብት መጠጫ ውኃም የለም። ሁለቱን ለማሟላት የሚወጣው ገንዘብ ከባድ ሲሆንበት ወደ ስንዴው ይመለሳል። እስካሁን የወጣው ማበረታቻ ጥቂት ነው፤ መሬቱን ለጀማሪ ገበሬ ላከራየ ወይም ለሸጠ ባለቤት እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ ኪራይ የሚጨምረው የ2008ቱ ድንጋጌ አንዱ ነው። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው አጥር ለማጠርና ጉድጓድ ለመቆፈር ገንዘብ ቢመደብ፣ ለግጦሽ የሚሆነው መሬት ሣሩ እንዳለ ይቆያል፤ ከብት ያለበት ማሳ ደግሞ ለከተማው ገበያ ይተርፋል።