የግቢ ባቡር፤ ገንዘቡ ከመሬቱ ይጀምር

በሐዋሳ ከታቦር ተራራ ግርጌ ካፌ ወይም የእንግዳ ማረፊያ የከፈተ ባለሀብት ጎረቤቱም ሣርና ዥዋዥዌ አለው። ልጆቹን ይዞ የመጣ እንግዳ የእሱን በር እንዲመርጥ ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል። በአትክልት መካከል የሚሽከረከር ትንሽ ባቡር አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የሚያከስረው አሠራሩ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ገንዘቡን በሙሉ በሎኮሞቲቩ ላይ አፍስሶ ሐዲዱን በባዶ አፈር ላይ የዘረጋ ሰው አንድ ክረምት አይሻገርም። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ይሸረሽራል፣ ሐዲዱ ይጣመማል፣ ውዱ ዕቃ መጋዘን ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለውኃ መውረጃ ቦይ ይዋል። ቀጥሎ የሐዲዱ መስመር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ በጠጠር ይሞላ፣ ይጠቅጠቅ። ከላይ የሚነጠፈው የተፈጨ ድንጋይ እንጂ ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር አይሁን፤ ማዕዘን ያለው ድንጋይ እርስ በርሱ ይያያዛል። ሐዲዱ ከማይዝግ ብረት ወይም ከናስ ይሁን። ናስ በፀሐይ ይለጠጣል፤ የ10 ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማልና መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ይተውለት። ዳገቱ ከመቶ ሁለት ባይበልጥ ይመረጣል። መብራት ሲጠፋ እንዳይቆም በባትሪ የሚሄድ ባቡር ይሻላል።

የትኛው ባቡር ይሠራ? መልሱ እዚሁ አገር አለ። የጀርመኑ ሌማን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤል.ጂ.ቢ. በሚል ስም ያወጣው የግቢ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም በ1 ለ22.5 ሲሰላ የአንድ ሜትር ሐዲድ ማለት ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋትም አንድ ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን በ1.435 ሜትር ሐዲድ ነው የሚሄደው። እንግዲህ የድሬዳዋ ጣቢያና የአዋሽ ድልድይ በልካቸው ቢቀረጹ፣ ሐዲድ በሌላት ሐዋሳ ለሚያድግ ልጅ ትምህርት፣ ለአያቱ ትዝታ ይሆናሉ። የውጭ ጎጆና ተራራ ከመገልበጥ ይህ የተሻለ ይሸጣል።

ተክሉም ከአገር ይመረጥ። ጦስኝ ዝቅ ብሎ መሬቱን ይይዛል፤ የጥብስ ቅጠል ሲከረከም ትንሽ ዛፍ ይመስላል፤ ሁለቱም ለካፌው ማዕድ ቤት ያገለግላሉ። ጦጣ በሚመላለስበት ከተማ ድልድዩና ቤቱ በብሎን ይታሰሩ፤ ባቡሩም ማታ ማታ ይግባ።

ሎኮሞቲቭ ቢሰበር በሌላ ይተካል። መሠረቱ የሰመጠ እንደሆነ ግን ባለሀብቱ ሁለተኛ ካፒታል ይፈልጋል።